«1935» የሚለው ጠመንጃ

ጥያቄው ከዘጌ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉልኝ? አያቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ቤታቸው ቆጥ ላይ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ አጭር ጠመንጃ ትተውልን ሄደዋል። ጫፉ ላይ የሚታጠፍ ሳንጃ አለው። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠምጥሟል። አያቴ በሕይወት እያሉ ‹ከጣልያን የማረክሁት ነው› ይሉን ነበር። አጎቴ ደግሞ ‹የለም፣ የአድዋ ነው፤ ቅድመ አያታችን ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ዘምተው ያመጡት ነው› ይላሉ። ሰሞኑን አንድ ደላላ ቤት ድረስ መጥቶ አየውና 15 ሺህ ብር አለን። የሚገዛው ለውጭ አገር ሰብሳቢ ነው። ብረቱ ላይ 1935 የሚል ቁጥር አሳየንና ‹ጣልያን በ33 ወጥቷል፤ ይህ በ35 የተሠራ ነው፤ ማርከው ሊሆን አይችልም፤ አንቲክም አይባል› አለን። ከቁጥሩ አጠገብ ትንሽ መስቀል ተቀርጾበታል። አያቴ እሱን ይሳለሙት ነበር። አሁን ቤተሰቡ በሙሉ ተኳርፏል። አያቴ ዋሽተውናል እንዴ? ይሸጥ ወይስ ይቅር?»

እህቴ፣ ነገሩን ከመሐሉ ልያዘው። አያትሽ አልዋሹም። አጎትሽ ጦርነቱን አሳስተዋል። ደላላው ደግሞ ወይ ምንም አያውቅም፣ ወይ በጣም ያውቃል።

1935 የሚለው በእኛ አቆጣጠር አይደለም። ጠመንጃው የተሠራው ኢጣልያ ነው። የኢጣልያ ፋብሪካ ሠራተኛ መስከረም ጠብቶ እንቁጣጣሽ ብሎ ብረት ላይ ዓመተ ምሕረት አይመታም። የፈረንጅ 1935 በእኛ ከታኅሣሥ 1927 እስከ ታኅሣሥ 1928 ያለው ነው። ጣልያን መረብን የተሻገረው መቼ ነው? መስከረም 22 ቀን 1928። እንግዲህ ጠመንጃችሁ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ሳይሆን ለጦርነቱ ሲባል ፋብሪካዎቹ ሌት ተቀን በሚሠሩበት ዓመት የወጣ ነው።

ይህ ስሕተት አዲስ አይደለም። እኔ ሥራዬን የጀመርኩት በአንድ ሙዚየም ዕቃ ክፍል ውስጥ አሮጌ መሣሪያ በመመዝገብ ነው። እዚያ ያገኘሁት የድሮ መዝገብ ግማሹ በፈረንጅ፣ ግማሹ በእኛ ነበር። አንዱ ጸሐፊ ብረቱ ላይ ያየውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ጎኑ «ዓ.ም» ይጨምርበታል። በቃ፣ ጠመንጃው ሰባት ስምንት ዓመት ዘግይቶ ተወለደ። ያንን ሳቃና ሁለት ክረምት አልፎብኛል።

አሁን ወደ መስቀሉ እንምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የወደድሁት እሱን ነው።

እስቲ ጠመንጃውን ወደ በር አስጠጊው። ምላጩንና መቀባበያውን ሳትነኪ፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙረሽ። የስልክሽን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን አስጠግተሽ አብሪበት፤ ብርሃኑ ብረቱን እየላሰ ይለፍ። ያኔ የተቀረጸው ሁሉ ጥላ ይሠራል። መስቀሉ የተጋደመ ነው፣ እንደ ብዜት ምልክት፣ አይደል? ከአጠገቡ ደግሞ ሦስት ቋሚ ጭረቶች ሳይኖሩ አይቀሩም። አንቺ አልጻፍሽልኝም፤ ምናልባት ዝገት ሸፍኗቸው ይሆናል። ካልታዩሽ ስስ ወረቀት ጣል አድርጊበትና በእርሳስ ጎን ቀስ ብለሽ እሺው። ልጆች ሳንቲም እንደሚገለብጡት ማለት ነው።

ሦስቱ ጭረቶች ካሉ ነገሩ አለቀ። የተጋደመው መስቀል የሮማውያን አሥር ነው። ሦስቱ ጭረቶች ሦስት ናቸው። አንድ ላይ አሥራ ሦስት። ሙሶሊኒ በ1922 ጥቅምት በፈረንጅ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የራሱን ዘመን አቆጣጠር አመጣ። ዓመቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይቆጠራል። አሥራ ሦስተኛው ዓመት ከ1934 ጥቅምት መጨረሻ እስከ 1935 ጥቅምት መጨረሻ ነው። በዚያ ዘመን በተሠራ የጣልያን ጠመንጃ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ቁጥር አብሮ ይመታ ነበር። ስለዚህ 1935 በእኛ ነው የሚል ሰው ቢነሳ፣ ይህች ምልክት ብቻዋን አፉን ታስይዘዋለች።

አያትሽ እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት የሙሶሊኒን ዘመን ሲሳለሙ ኖረዋል ማለት ነው። አትሳቂ። እሳቸው የተሳለሙት መስቀል ነው።

ስለ አድዋ ብዙ አልልም። ቅድመ አያትሽ ዘምተው ሊሆን ይችላል፤ የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሥር አድዋ ላይ ነበረና። ጠመንጃው ግን አልነበረም፤ ገና 39 ዓመት ይቀረዋል። አድዋ ላይ የጣልያን ወታደር ባብዛኛው ይዞት የነበረው ቬተርሊ የሚባለውን ነው። አፉ ሰፊ፣ ጥይቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ወፍራም። የእኛዎቹ ደግሞ ብዙዎቹ ውጅግራ ነበራቸው፤ ፈረንሳይ በፈረንጅ 1874 ያወጣችው «ፉዚል ግራ» ነው፣ ስሙን እኛው በአፋችን አለስልሰነው። አጎትሽን እንዳታሳፍሪያቸው ብቻ። የሁለት ሰው ታሪክ አንድ ጠመንጃ ላይ ተደርቦባቸው ነው። በየቤቱ አለ ይህ።

እና ምንድን ነው ዕቃው? የፈረንጅ 1891 ሞዴል ካርካኖ፣ የፈረሰኛ አጭር ጠመንጃ። ጣልያኖቹ «ሞስኬቶ» ይሉታል። ካርካኖ የሚለው ስም ቶሪኖ በሚገኘው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠራ ከነበረው ከሳልቫቶሬ ካርካኖ የመጣ ነው። ዲዛይኑ የ1891 ነው፤ የፈረሰኛው ዓይነት ሁለት ዓመት ዘግይቶ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይለወጥ ከ40 ዓመት በላይ ሲመረት ኖረ። ለዚህ ነው የሞዴሉ ዓመትና የተሠራበት ዓመት ሰዎችን የሚያምታታው። አገራችን ውስጥ ምንሽር የሚለው ስም ለየአሮጌው ጠመንጃ ሁሉ ስለሚለጠፍ፣ እናንተም ቤት ምንሽር ስትሉት ኖራችሁ ቢሆን አልደነቅም።

የፈረሰኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? ረጅሙ ወንድሙ 128 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ያንን አንግበሽ ፈረስ ላይ ውጪ እስቲ። አፈሙዙ ከግራሩ ቅርንጫፍ ጋር ይጣላል፣ ሰደፉ የፈረሱን ጎን ይደበድባል። የእናንተው 92 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ክንድ እንኳ አይሞላም። ክብደቱም 3 ኪሎ ገደማ። ማንገቻው የሚታሰረው ከሥር ሳይሆን ከግራ ጎኑ ነው፤ ጀርባ ላይ ተጋድሞ እንዲተኛ። ጥይት የሚያቀባብሉበትን እጀታ ተመልከቺው፤ ወደ ታች ታጥፏል። በረጅሙ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይወጣል። ፈረስ ላይ ቀጥ ያለ እጀታ ልብስ ይይዛል፣ ልጓም ይይዛል፣ ጎን ይወጋል።

ከሁሉ የሚያምረው ሳንጃው ነው። እግረኛ ወታደር ሳንጃውን በአፎት ወገቡ ላይ ይሰቅላል። ፈረሰኛ ግን ወገቡ ላይ ጎራዴ አለ፤ ሌላ ስለት የሚሰቀልበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ቀጭን ሹል ብረት ከአፈሙዙ ሥር በማጠፊያ ታሰረ። ሲፈለግ ወደ ፊት ይገለበጣል፤ ካልተፈለገ ወደ ኋላ ታጥፎ እንጨቱ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ይተኛል። እንደ ሰንጢ ነው። ማጠፊያው ላይ ያለችው መቆለፊያ ብዙ ጊዜ ዝጋ ትገኛለች። በጉልበት እንዳትከፍቺው። አንድ ጊዜ ሲከፈት ያየሁት የሰውየውን አውራ ጣት ይዞ ነው የወጣው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚታጠፍ ሳንጃ ያለው ሁሉ ፈረሰኛ እጅ ነበር ማለት አይደለም። ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣልያን ፖሊሶችም ይህንኑ ይይዙ ነበር። ብስክሌተኛ ወታደርም እንዲሁ። ስለዚህ «የፈረሰኛ ጠመንጃ» የሚለው የዓይነቱ ስም ነው እንጂ ይህችኛዋ በግድ ኮርቻ ላይ ኖራለች ማለት አይደለም።

እንዴት ጣና ዳር ደረሰ? የጣልያኑ አኪሌ ስታራቼ በመኪና የሚጓዝ ጦር ይዞ መጋቢት 23 ቀን 1928 ጎንደር ገባ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጣልያን ባሕር ዳርንም ያዘ። ከዚያ አምስት ዓመት ጎጃም አልተኛም። አርበኛው ከማን ነበር ጠመንጃ የሚያገኘው? ከጠላት። ጥይቱንም ከጠላት። ይህ ጠመንጃ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው የሚጎርሰው፤ የውጅግራ ጥይት አይገባበትም። ጥይቱ ደግሞ ስድስት ስድስት ሆኖ በቆርቆሮ ማቀፊያ ታስሮ ነው የሚገባው። የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ባዶው ማቀፊያ ከሥር ባለው ቀዳዳ መሬት ላይ ይወድቃል። ለጣልያን ወታደር ችግር የለም፤ ሌላ ይታደለዋል። ጫካ ላለ ሰው ግን ማቀፊያዋን ከሣር ውስጥ ጎንበስ ብሎ መልቀም አለበት። አያትሽ ዕቃዎቻቸው ውስጥ የዛገች ትንሽ የታጠፈች ቆርቆሮ ትተው ከሆነ እንዳትጥያት። ብዙ ሰው የሰርዲን ክዳን መስላው ይጥላታል።

አሁን የማይጥምሽን ልንገርሽ። ብረቱ የተሠራበትን ዓመት ይነግረናል። እንዴት አያትሽ እጅ እንደገባ ግን አይነግረንም። ጣልያንም አበሻ ፈረሰኛ ነበረው፤ አሜዴኦ ጉይሌት የሚባለው መኮንን የሚመራው «የአማራ ፈረሰኛ» የሚል ስም ያለው ቡድን በ1933 ጥር ወር ኤርትራ ውስጥ ኬሩ ላይ እንግሊዝን በፈረስ ገጥሟል። ከጣልያን ጠመንጃ ታድሎ በኋላ የከዳም፣ ጠመንጃውን ይዞ ወደ አርበኛ የገባም ብዙ ነው። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣልያን ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 እጁን ሲሰጥም ብዙ መሣሪያ በየሰዉ እጅ ቀርቷል። እኔ «ማረክሁት» ያሉትን አምናለሁ፤ የማላምንበት ምክንያት የለኝምና። አንቺ ግን ያኔ የነበሩ ሽማግሌ ካሉ፣ ወይም ከእነሱ የሰማ ሰው ካለ፣ የት እንደዋሉ፣ ከማን ጋር እንደዘመቱ ዛሬውኑ ጠይቂና ጻፊው። ነገ የሚነግርሽ አይኖርም።

ወደ ገንዘቡ። 15 ሺህ ብር ምን ያህል ነው ብለሽ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም።

ካርካኖ በዓለም ገበያ ውድ ጠመንጃ አይደለም። እንደ አሸዋ ነው የተመረተው። አሜሪካ ውስጥ በደህና ይዞታ ያለ አንዱ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ድሮማ ከዚያም ይረክስ ነበር፤ በ1963 በፈረንጅ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ የዚሁ ዘር ነው፣ በፖስታ ታዝዞ ከነመነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም የተገዛ። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት አዲስ ነገር መጥቷል። ከኢትዮጵያ የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጡ፤ ቬተርሊውም፣ ውጅግራውም፣ ይሄው የፈረሰኛ ካርካኖም። ገዥዎቹ ብረቱን ብቻ አይደለም የሚፈልጉት። «ኢትዮጵያ ውስጥ የተዋጋ» የሚለውን ነው።

ደላላው ታዲያ ጠፍሩን አይቶ ምን አለሽ? ሳትጽፊልኝ ገመትሁ፤ «የተሰበረ ነው» ብሎ ዋጋ አውርዷል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሰደፉ ሲሰነጠቅ እርጥብ ጠፍር ተጠምጥሞ ሲደርቅ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ይህን የሠራው የኢጣልያው የብሬሺያ ፋብሪካ አይደለም፤ የዘጌ ወይም የአቸፈር ሰው ነው። ይህን ጠመንጃ ከሌላው መቶ ሺህ ካርካኖ የሚለየው ያ ጠፍር ነው። ያንን የሚያውቅ ገዥ ጠፍሩን ነው የሚገዛው።

«አንቲክ አይደለም» ያለው ግን በአንድ በኩል እውነት አለው። በአሜሪካ ሕግ አንቲክ የሚባለው እስከ ፈረንጅ 1898 የተሠራው ነው። የእናንተው አይገባም። ይህ ግን የእነሱ የጉምሩክና የፈቃድ ጉዳይ ነው። የእናንተን ቅርስ ዋጋ አይለካም።

ይሸጥ ወይ ላልሽው፣ እኔ አይሸጥ እላለሁ። ለስሜት ብዬ አይደለም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም አለ። አሮጌ ስለሆነ፣ ስለዛገ፣ ጥይት ስለሌለው ከፈቃድ ነፃ ነው ብለሽ እንዳትገምቺ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ጠመንጃ በጋቢ ጠቅልሎ ከዘጌ ባሕር ዳር በጀልባ ማምጣት ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ደላላው «እኔ እወስደዋለሁ፣ እናንተ አታስቡ» ካለ የበለጠ ተጠንቀቂ። ሲያዝ የሚጠራው የእናንተን ስም ነው።

መንገዱ ይህ ነው። ጠመንጃውን ከቤት አታውጪው። ፎቶውን ብቻ ይዘሽ መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ፖሊስ፣ ሄደሽ «የአባቶቻችን ቅርስ ነው፣ ልናስመዘግበው እንፈልጋለን» በይ። ከቤተሰቡ ታላቅ የሆነ ሰው አብሮሽ ይሂድ፤ አጎትሽ ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ ኩርፊያውም ይቀልላል። ቀጥሎ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ። ቅርስ ነው ብለው ከመዘገቡት ለሙዚየም በአደራ መስጠትም ይቻላል፤ ያኔ ግን የአያትሽ ስምና ታሪክ በጽሑፍ አብሮት መግባቱን፣ የርክክብ ወረቀትም መቀበልሽን አረጋግጪ። ስም የሌለው ጠመንጃ መጋዘን ውስጥ ብረት ነው።

ጥይት ጎርሶ ይሁን አይሁን አንቺ አትፈትሺ። ያንን ፖሊስ ያድርገው። «አንድ ጊዜ ተኩሰን እንሞክረው» የሚል ጎረምሳ ደግሞ በየቤቱ አይጠፋም፤ በፍጹም። 90 ዓመት የሞላው ብረት፣ ውስጡ የዛገ፣ ሰደፉ የተሰነጠቀ። ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው።

ማጽዳትን በተመለከተ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ሥራ በጀመርሁ በዓመቱ አንድ ዝገት የበላው ቬተርሊ ሰጡኝ። ደስ ላሰኛቸው ብዬ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። እንደ ማንኪያ አበራሁት። አለቃዬ መጥተው አዩና ዝም አሉ። ቆይተው «ቁጥሩስ?» አሉኝ። ቁጥሩ የለም። ዓመቱም፣ የፋብሪካው ስምም፣ ዘውዱም አብሮ ሄዷል። አሁንም ያ ጠመንጃ የት እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። የዛሬ 30 ዓመት የሆነ ነገር ነው፤ ዛሬም ብርጭቆ ወረቀት ሳይ ያመኛል።

ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀት፣ አመድ፣ ጡብ፣ ሎሚ፣ ምንም። የጣና እርጥበት በክረምት ብረት እንደሚበላ አውቃለሁ። ደረቅ የጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ፣ ብረቱን ብቻ። የኑግ ዘይት ግን አይሁን። አያቶቻችን ይቀቡት ነበር፤ ኑግ ሲቆይ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። መቀባበያዎቹ አልንቀሳቀስ ብለው የማገኛቸው ጠመንጃዎች ግማሾቹ የኑግ እስረኞች ናቸው። ጋቢውን አውልቂለት፤ ጨርቅ እርጥበት አቅፎ ይይዛል። ቆጡ ግን ጥሩ ቦታ ነበር። ከሥሩ እሳት ስለሚነድ ይደርቃል፣ ምስጥም ጢሱን አይወድም።

የሦስቱን ጭረቶች ፎቶ ላኪልኝ። ሰደፉ ላይ ቁጥር ካለ እሱንም፤ ከብረቱ ቁጥር ጋር አንድ ከሆነ ብረቱና እንጨቱ ከፋብሪካ ጀምሮ አልተለያዩም ማለት ነው። ቁጥሩ ጠፍሩ ሥር ገብቶ እንደሆነ ግን ይቅር። ጠፍሩን እንዳትፈቺው።